መልስ፦ እየጸለይኩም ልቤ ለምን አላረፈም?

"እየጸለይኩም ልቤ አላረፈም፣ እምነቴ ጎድሎ ይሆን?" ብለህ ጠይቀሃል። ወንድሜ፣ እንዲህ አታስብ። ማቴዎስ 11፥28 ላይ ጌታ የጠራው እኮ ብርቱዎችን አይደለም፣ ሸክማቸው የከበደባቸውን ነው። ቀጥሎ ደግሞ ቀንበሬን ተሸከሙ ይላል፤ ቀንበር የሚጠመደው ለጥንድ በሬ ነውና እኔ የሚገባኝ፣ ሸክሙ ወዲያው ባይጠፋም ብቻህን እንደማትጎትተው ነው። ኤልያስን አስበው። ደክሞት ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር አልተቆጣውም። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ (1ኛ ነገሥት 19)። እኔም ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ረጅም ጸሎት አልሞክርም፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ መዳፌን ዘርግቼ፣ የከበደኝን አንድ በአንድ እየጠራሁ "ይሄን ያዝልኝ" እለዋለሁ። አንዳንዴ የሚወጣኝ እንባ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ አንዱን ብቻ ንገረው። ለምታምነው ሰውም ደውል፣ እሺ?