ልጅቷን ጠይቃችኋታል?

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ያገለገልኩት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው። ይህን የምጽፈው ለወጣት ወላጆችና ሙያዬን ለተረከባችሁ ነው።

አንድ የመንዝ ገበሬ ከልቤ አይጠፋም። የ9 ዓመት ልጁ የደም ካንሰር ነበረባት። አዲስ አበባ ወስዶ ለወራት አሳከማት። በሽታው ሲያገረሽ ሐኪሞቹ እውነቱን ነገሩት። ወደ አገሩ ሲመለስ ደብረ ብርሃን ላይ እኔ ጋ መጣ። «ሲስተር፣ በሬዎቹን ልሽጥና ሌላ ቦታ ልሞክር?»

«እሷን ጠይቀሃታል?» አልኩት።

ዝም አለ። ለካ ማንም አልጠየቃትም። ስንጠይቃት አገሯ መግባት ነው የፈለገችው። በጓ ልትወልድ ደርሳለች።

ግን አጥንቷን እየቆረጠማት ግልገል እንዴት ታቅፋለች? ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙን አስታግሱ። የሚጠጣ ሞርፊን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለካንሰር ሕመም መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ብርቱውን ሕመም በሞርፊን አስታግሱ ይላል። ወላጅ «ሱስ ያስይዛታል» ብሎ ይፈራል። እኛ ባለሙያዎችም እንፈራ ነበር፤ በዚህ ፍርሃት ስንቱን ልጅ አሰቃየን! በሐኪም ትእዛዝ፣ በልኩ ለሕመም ሲሰጥ ሱስ አያሳስብም። ሕመሙ እስኪመለስ አትጠብቁ። በየ4 ሰዓቱ ከታዘዘ በሰዓቱ ስጡ። ሆድ ያደርቃል፤ ለእሱም መድኃኒት ጠይቁ።

ጸበልም ውሰዷት፣ እኔም እወስዳለሁ። ማስታገሻውን ግን አታቋርጡ። የቀራት ቀንም በመንገድ አይለቅ። የጣርማበር ብርድ ለጤነኛም ይከብዳል።

አንድ ጸጸት አለኝ። ወጣት ሳለሁ አንድ የታመመ ልጅ «እሞታለሁ እንዴ?» አለኝ። «ምን ክፉ ታወራለህ!» ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ልጆች ያውቃሉ። እኛ ስንሸሽ ፍርሃቱን ብቻቸውን ይዘውት ይቀራሉ። ዛሬ ቢሆን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ «ምኑ ነው ያስፈራህ?» እለው ነበር። አንዳንዱ የሚፈራው ሞቱን ሳይሆን እናቱ ብቻዋን መቅረቷን ነው።

ልጅቷ አገሯ ገብታ 7 ሳምንት ኖረች። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ አባቷ በጋቢ ጠቅልሎ ደጅ ያወጣታል። ታናሽ ወንድሟን ከአጠገቧ የሚያባርር የለም። ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ይጫወታሉ፤ መልሱ ሲጠፋው አገር ይሰጣታል።

ከአርባዋ በኋላ አባትየው የተረፈውን ሞርፊን ሊመልስ መጣ። በጓ መንታ ወልዳ ነበር። ልጅቷ አንዷን ለወንድሟ፣ አንዷን ለአባቷ ሰጥታለች።

«በሬዎቹም አሉ» አለኝ። «የእኔዋን ግልገል ግን መቼም አልሸጣትም።»