የመጀመሪያ ልደቱ ሳያልፍ ልጁን ጥርስ ሐኪም አሳዩት

አሜሪካ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ጥርስ ሕክምና ክሊኒክ በረዳትነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የኛ ሰው ልጁን ይዞ የሚመጣው በአብዛኛው ልጁ በጥርስ ሕመም ሲያለቅስ ካደረ በኋላ ነው። ልጁ ሦስት ወይም አራት ዓመቱ ነው፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ቡናማ ሆነው እስከ ድዱ ተበልተዋል። እናቲቱ ግን ችላ ያለች ሴት አይደለችም። ክትባት አላሳለፈችም፣ ትንሽ ካተኮሰው ሐኪም ጋ ትሮጣለች። ባደግንበት አገር ጥርስ ሐኪም ጋ የሚኬደው ጥርስ ለማስነቀል ስለሆነ፣ ያላመመውን ልጅ ውሰዱ ብሎ የነገረን የለም።

እዚህ የጥርስ ሐኪሞቹም የሕፃናት ሐኪሞቹም ማኅበራት የሚመክሩት አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላው ልጁ መታየት አለበት። ብዙ ሕፃናት የታችኞቹን ሁለት የፊት ጥርሶች የሚያወጡት በ6 ወር አካባቢ ነው። እስከ ልደቱ አንድም ጥርስ ያላወጣ ልጅ ቢኖራችሁም ቀጠሮውን አታስተላልፉ።

"ሁለት ጥርስ ላለው ልጅ ምን ይታይለታል?" ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሐኪሙና እናትየው ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ይቀመጣሉ። ልጁ ፊቱን ወደ እናቱ አድርጎ እግሮቹን በወገቧ ግራና ቀኝ ይዘረጋና ቀስ ተብሎ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ጭንቅላቱ ሐኪሙ ጭን ላይ ያርፋል። እጆቹን የያዘችው እናቱ ናት፣ የሚያየውም የእሷን ፊት ነው። ሐኪሙ ድዱን፣ ምላሱንና ጥርሶቹን ያያል፣ የፍሎራይድ ቫርኒሽ የሚባለውን ጥርስ የሚያጠነክር ቅባት በትንሽ ብሩሽ ይቀባለታል፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ አትደንግጡ፤ ሲያለቅስ አፉ ስለሚከፈት ሥራው እንዲያውም ይቀላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። ጡጦውን፣ አመጋገቡን፣ አቦራረሹን ሁሉ ጠይቁ።

"የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል" የሚለው አነጋገር ብዙ ልጅ ጎድቷል። የፊቶቹ በ6 እና በ7 ዓመት ይወድቃሉ፤ የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ፣ ለቋሚው ጥርስም ቦታ ይዘው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ጎረቤቶቹ ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይገፋሉ፣ ቋሚው መውጫ ያጣል። ኢንፌክሽኑ ደግሞ ጥርስ ውስጥ ብቻ አይቀርም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ በ2007 ዴአሞንቴ ድራይቨር የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ከጥርሱ የተነሣ ኢንፌክሽን ወደ አንጎሉ ገብቶ ሞቷል። ያንን ጥርስ ለማስነቀል 80 ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር። የግዛቷ የሕፃናት ጥርስ ሕክምና አገልግሎት የተሻሻለው ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው።

ቤት ውስጥ በወር አንድ ጊዜ ይህን አድርጉ። ብርሃን ያለበት ቦታ ልጁን አስተኝታችሁ የላይኛውን ከንፈሩን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሡ፣ ጥርሱ ከድዱ የሚገናኝበትን መስመር ተመልከቱ። እዚያ ጋ እንደ ጠመኔ የነጣ፣ የማያብረቀርቅ ሰረዝ ካያችሁ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ በፍሎራይድ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ሆኖ ከተቦረቦረ ግን አይመለስም፤ ብዙ ጥርስ የተበላበት ሕፃን ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት የሚታከምበት ጊዜም አለ።

ይህን የሚያመጣው ከሁሉ በላይ ሌሊቱን አፍ ውስጥ የሚያድረው ጡጦ ነው። ወተትም፣ ጁስም፣ ስኳር የገባበት አጥሚትም፣ ሻይም ያው ነው። እንቅልፍ ላይ ምራቅ ስለሚቀንስ ስኳሩ ጥርሱ ላይ ተኝቶ ያድራል። ልጁ ያለ ጡጦ አልተኛም ካለ የሚገባበት ውኃ ብቻ ይሁን፤ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ወደ ኩባያ አሸጋግሩት። ጥርስ ከወጣ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ይቦረሽ፤ እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይበቃል።

ፍሎራይድ ሲባል የሚሰጉ አሉ፤ በተለይ ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጡ። ትክክል ናቸው፤ የዚያ አገር ጉድጓድ ውኃ የስንቱን ጥርስ እንዳበላሸ አይተዋል። ጉዳዩ የመጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚያልፉ አሉ። አሜሪካ በቧንቧ ውኃ እንዲጨመር የሚመከረው 0.7 ሚሊግራም ነው።

ሌላው እንደማፍር ሳልደብቅ የምናገረው የግግ ነገር ነው። ልጁን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው፣ ድዱ ላይ የነጣ እብጠት የሚያዩ አንዳንድ እናቶችና አያቶች ግግ ነው፣ ይውጣለት ይላሉ። ያ እብጠት ያልወጣ የክራንቻ ጥርስ ነው! ሲቆፈር ደም ይፈሳል፣ ኢንፌክሽን ይገባል፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ልጁ አገር ቤት ተደርጎለት ከመጣ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ኤክስሬይ ሲነሣ ጥርሱ የት ጠፋ ብሎ እንዳይቸገር። አያትየው ልጁን ልትይዝ ከመጣች ደግሞ አትቆጧት፣ ከሐኪሙ ቀጠሮ አብራችሁ ውሰዷትና ከአፉ ትስማ። ጥርስ ማውጣት 38 ዲግሪ ትኩሳትም ተቅማጥም አያመጣም፤ እነዚህ ካሉ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ቤንዞካይን የሚባል ማደንዘዣ ያለበትን የድድ ጄል ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትቀቡ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ በ2018 አስጠንቅቋል።

ልጁ ፊቱ ካበጠ ወይም ድዱ ላይ መግል የቋጠረ ከሆነ ቀን አትቁጠሩ። ትኩሳት ከተጨመረ ወይም እብጠቱ ወደ ዓይኑ ከሄደ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ወድቆ የወተት ጥርሱ ከነሥሩ ከወጣ መልሳችሁ አትክተቱት፣ ለሐኪም ደውሉ።

የገንዘቡን ነገር አትፍሩ። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያለው ልጅ እስከ 21 ዓመቱ የጥርስ ሕክምና መብቱ ነው። በብሪታንያ የመንግሥቱ ጤና አገልግሎት ኤንኤችኤስ ከ18 ዓመት በታች ላሉት አያስከፍልም፣ በእስራኤልም ኩፓት ሖሊም የሚባሉት የጤና መድን ድርጅቶች ሽፋን የልጆችን ምርመራ እስከ 18 ዓመት ያካትታል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሜዲኬይድ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበትና ስትደውሉ "አማርኛ" በሏቸው። "ሦስት ዓመት ሲሞላው አምጡት" የሚሏችሁም አይጠፉም። ክፉ አስበው አይደለም፣ ሕፃን ማየት አልለመዱም፤ ስልኩን ዝጉና የሕፃናት ጥርስ ሐኪም፣ ፔዲያትሪክ ዴንቲስት የሚባለውን ፈልጉ።