ሁለቱም ወረቀት በአንድ ቀን ይግባ፦ የሥራ ፈቃድ ለሚጠብቁ ወጣት ባለትዳሮች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በኤች-1ቢ (አሠሪ ለውጭ ባለሙያ በሚያስገኘው የሥራ ቪዛ) ለምትሠሩ ወጣቶችና በኤች-4 (ለሠራተኛው ቤተሰብ በሚሰጠው ቪዛ) አብረዋችሁ ለመጡት የትዳር አጋሮቻችሁ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ከውጭ የሚቀጠሩ ባለሙያዎችን ፋይል በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ስይዝ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ በፊት እኔው ራሴ ኤች-4 ነበርኩ። የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባለቤቴን ተከትዬ የመጣሁት በ2004 ነው። አገር ቤት የሒሳብ ባለሙያ ነበርኩ፤ የበጀት ዓመት ሲዘጋ ቢሮ የማመሽ። እዚህ ስደርስ ለኤች-4 የሥራ ፈቃድ የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። አምስት ዓመት ቤት ዋልኩ። ሰው ቤት ተጠርተን "አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?" ስባል ባለቤቴ ቀድሞኝ ይመልስ ነበር፤ "እሷ እኮ ሒሳብ አዋቂ ናት" እያለ። ከሐፍረት ሊያድነኝ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። በመለሰልኝ ቁጥር ግን አንገቴን እደፋ ነበር። ይህን የማነሣው እናንተም ቤት ያው ዝምታ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ደንቡ የተለወጠው በ2015 ነው፤ ከሜይ 26 ጀምሮ ኤች-4 የሆኑ የትዳር አጋሮች ፈቃድ መጠየቅ ቻሉ። ያም ለሁሉም አይደለም። ወይ የሠራተኛው አይ-140 (አሠሪው ለግሪን ካርዱ የሚያስገባው ማመልከቻ) መጽደቅ አለበት፣ ወይ በግሪን ካርድ ሂደት ላይ በመሆኑ ኤች-1ቢው ከስድስት ዓመት በላይ የተራዘመለት መሆን አለበት። ደንቡን ለማሰረዝ የተከፈተው ክስ አሥር ዓመት ፈጅቶ፣ በኦክቶበር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም በማለቱ ደንቡ ጸንቷል።

አይ-140 እንዲጸድቅ መጀመሪያ አሠሪው የግሪን ካርዱን ሂደት መጀመር አለበት፤ ከዚያ በሠራተኛ ሚኒስቴር በኩል የሚያልፈው ደረጃ ብቻውን በዚህ ሰሞን ከአንድ ዓመት በላይ እየወሰደ ነው። ስለዚህ ሥራ ስትቀበሉ "ግሪን ካርዴን መቼ ትጀምሩልኛላችሁ?" ብላችሁ ከደመወዙ እኩል ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ብዙ ወጣት ይህን ለመጠየቅ ይፈራል፤ እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የምቀመጥ ሰው ነኝና ልንገራችሁ፣ የሚጠይቅ ሰው አያስቀይመንም። ድርጅታችሁ በኤል-1 (ከውጭ አገር ቅርንጫፉ ለሚያዛውረው ሠራተኛ በሚሰጠው ቪዛ) ሊያዛውራችሁ የሚችል ከሆነም ይህን አስቡበት። ከኖቬምበር 2021 ወዲህ የኤል-1 ሠራተኛ የትዳር አጋር አይ-94 (የመግቢያና የተፈቀደ ቆይታ መዝገብ) ላይ ኤል-2ኤስ የሚል ምልክት ካለ፣ የሥራ ፈቃድ ካርድ ሳይጠብቅ መሥራት ይችላል።

በቅርቡ አንድ ወጣት መሐንዲስ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋው። "እትዬ፣ ባለቤቴን መሥሪያ ቤቷ ዓርብ የሥራ መታወቂያሽን አስረክቢ ብለዋታል" አለኝ። ሚስቱ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የሥራ ፈቃድ ካርዷ ሊያልፍ ቀናት ቀርተውታል፣ እድሳቱ ገና አልመጣም። የእሱ የኤች-1ቢ ማራዘሚያ ተጨማሪ ተከፍሎበት በፈጣኑ አገልግሎት ስለገባ በሁለት ሳምንት ጸድቆ ነበር። የእሷን ግን "የኔ ይለቅና እናስገባዋለን" ብለው አቆዩት፤ ክፍያው ከቤት ኪራይ ጋር ተደራርቦባቸዋል። ፋይሉን አወጣሁና ሁለቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በመካከላቸው ስድሳ አንድ ቀን ነበር። ጣቴን እዚያ ላይ ሳሳርፍ የልጁ ዐይን እንባ አቀረረ። አንጀቴ ተላወሰ፣ ምክንያቱም ይህን ስሕተት የሚሠራው ክፉ ባል አይደለም፤ ሚስቱን የሚወድ፣ ግን የቤቱ ዋና ወረቀት የኔ ነው፣ የሷ ይከተላል ብሎ ያሰበ ሰው ነው።

ያዘናጋቸው 540 ቀን የሚባለው ነገር ነው። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ እድሳቱን በጊዜ ያስገባ ኤች-4 ካርዱ ቢያልፍም አይ-94ቱ እስካላለፈ ድረስ ለ180 ቀን ይሠራ ነበር፤ በኋላ ወደ 540 ከፍ አለ። ጓደኞቻቸው "አስገቡ እንጂ መሥራት አይቋረጥም" ያሏቸው ለዚህ ነው። ነገር ግን ኦክቶበር 30 ቀን 2025 እና ከዚያ በኋላ ለገባ እድሳት ይህ ቀርቷል። አሁን ካርዱ ባለፈበት ቀን ሥራው ይቆማል። በዚህ ጉዳይ አምና የሠራ ምክር ዘንድሮ ቤት ያፈርሳል፤ የጓደኛ ወሬ ስትሰሙ መቼ እንዳስገባ ጠይቁት።

የመዘግየቱ ሥር ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ቅጾቹ ሦስት ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠሉ። አሠሪው የኤች-1ቢውን ማራዘሚያ በአይ-129 ያስገባል። የትዳር አጋር ቆይታ በአይ-539 ይራዘማል። ፈቃዱ በአይ-765 ይጠየቃል። ቆይታው ሳይራዘም አዲሱ ፈቃድ አይሰጥም፤ ተጨማሪ ተከፍሎ በ15 የሥራ ቀን መልስ የሚገኝበት ፈጣን አገልግሎት ደግሞ ለመጀመሪያው እንጂ ለኤች-4ቱ ሁለት ቅጾች የለም። በ2019 ከኤች-4 አሻራ መጠየቅ ሲጀመር ሰልፉ ረዝሞ ብዙ ሴቶች ሥራቸውን ሲያጡ አይቻለሁ፤ ያ ግዴታ የተነሣው በሜይ 2021 ነው። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ደግሞ በአንድ የፍርድ ቤት ስምምነት አብረው የገቡ ፋይሎች አብረው ይታዩ ነበር። ያ ስምምነት በጃንዋሪ 2025 ጊዜው አልቋል። ዛሬ አብሮ የገባ አብሮ ይወጣል የሚል ዋስትና የለም፤ ሆኖም የሷ ወረፋ የሚጀምረው የሷ ወረቀት በገባበት ቀን ነውና ሁለቱም በአንድ ቀን ይግቡ።

ሦስቱም ቅጾች የቆይታውና የካርዱ ቀን ከማለፉ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ይገባሉ። እኔ ለሠራተኞቼ ሰነድ መሰብሰብ የምጀምረው ስምንት ወር ሲቀረው ነው። የሰው ኃይል ክፍላችሁ ዝም ካለ እናንተ አንኳኩ። ክፍያውንም በየወሩ አስቀምጡለት፤ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በወረቀት ሲገባ አይ-765 520 ዶላር፣ አይ-539 470 ዶላር ሆኗል። የወረቀት ቼክ መቀበል ከኦክቶበር 2025 መጨረሻ ወዲህ ስለቀረ፣ ቼክ ልካችሁ ፋይላችሁ ተመልሶ ቀን እንዳይበላችሁ።

የኛ ሰው ደግሞ ልዩ ጣጣ አለው፤ ስማችን። ሚስት በአባቷና በአያቷ ስም ትጠራለች፣ ባል በራሱ አባትና አያት፤ የቤተሰብ ስም የለንም። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ ስሟ በአንድ ፊደል ይለያል፣ ወይም ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ተርጓሚው ሳይለውጠው ያልፋል። ከዚያ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ይባላል፣ ወራት ይጨመራሉ። ፓስፖርቱን፣ የጋብቻ ወረቀቱንና ትርጉሙን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ። የፖስታ ሳጥኑን ነገር ከራሴ ተማሩ፦ በ2009 በኤች-4 ሳይሆን በግሪን ካርድ ማመልከቻችን በኩል ያገኘሁት የመጀመሪያው የሥራ ፈቃድ ካርዴ ተልኮልኝ ተመልሶ ሄደ፣ ሳጥናችን ላይ የተጻፈው የባለቤቴ ስም ብቻ ስለነበር። አምስት ዓመት የጠበቅኩትን ካርድ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጉድለት ሌላ ስድስት ሳምንት ጠበቅኩት። ዛሬውኑ የሁለታችሁንም ሙሉ ስም ለጥፉ። ቤት ከቀየራችሁም በ10 ቀን ውስጥ አሳውቁ።

ካርዱ ካለፈ አንድ ሰዓት እንኳ አትሥሩ፤ በጥሬ ገንዘብም፣ ለዘመድም ቢሆን። ግሪን ካርድ ስትጠይቁ ያች ሰዓት ትመጣለች። ሰው ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራ በነጻ መሥራትም በጎ ፈቃድ አይባልም። ትምህርት ግን በኤች-4 የተፈቀደ ነው። ለአሠሪዋም ቀድማችሁ ንገሩ፤ ሦስት ወር ሲቀረው የተነገረው አለቃ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሊያመቻች ይችላል፣ በዋዜማው የሰማ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል። ከባድ የገንዘብ ጉዳት የሚደርስ ከሆነ ጉዳዩ እንዲፋጠን መጠየቅ ይቻላል፣ ነገር ግን አርፍዶ ያስገባ ሰው ይህ አያነሣውም። የአካባቢያችሁ የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) አባል ቢሮም የፈቃድ ፊርማችሁን ተቀብሎ ስለ ጉዳያችሁ ይጠይቅላችኋል፤ መራጭ ባትሆኑም አትፈሩ።

ባሎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እሷ ቤት በዋለችባቸው ወራት የባንኩ ሒሳብ በሁለታችሁም ስም ይሁን፤ ለታክሲ የምታወጣውን አታስለምኗት። በኤች-4 ለመጣችሁ ባሎችም ያው ነው፤ ለወንድ ደግሞ ዘመድ የሚጠይቀው ጥያቄ ይበልጥ ይወጋል።

የዚያ መሐንዲስ ሚስት እስከ አሁን እየጠበቀች ነው። ለሙያ ፈተናዋ እያጠናች ነው፣ አለቃዋም ቦታዋን ይዞላታል። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ማቀዝቀዣው ላይ የሁለቱ አይ-94 የሚያልፍበት ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል፤ የሷ ከላይ፣ የሱ ከታች።