ጥያቄና መልስ፦ ለዓድዋ ድራማ የራስ ቁር ከጋዜጣና ከፉርኖ ዱቄት

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርት ቤቱ የዓድዋ ድራማ ላይ የጣሊያን ወታደር ሆኖ ይተውናል። የራስ ቁር ሠርታችሁ ላኩ ተብለናል። ካርቶን ጠቅልዬ ብሞክር ባልዲ መሰለብኝ። የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው፤ ምን ይሻላል? — እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አስቀድመን የቁሩን ዓይነት እናስተካክል። የዓድዋን ጣሊያኖች በብረት ቁር ማቅረብ ስሕተት ነው፤ የብረት ቁር በአውሮፓ ጦር ውስጥ የተስፋፋው 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያን ወታደር ያደረገው ጨርቅ የለበሰ የቡሽ ባርኔጣ ነበር። ለእርስዎም የሚቀለው እሱ ነው፤ ድቡልቡሉ አናት ከፊኛ፣ ክፈፉ ከካርቶን ይወጣል።

የልጅዎን ጭንቅላት ከቅንድቡ ከፍ አድርገው በሜትር ይለኩ። ዙሪያው 53 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ፊኛው 56 እስኪሞላ ይነፋ። ትርፉ በኋላ ከውስጥ ለሚለጠፈው ስፖንጅና ወረቀቱ ሲደርቅ ለሚጠበው ነው፤ ካልተውለት ቁሩ ግንባር ላይ ይቀራል።

ለሙጫው 1 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጓላ ሳይኖረው ይበጥብጡ። በፈላ 3 ኩባያ ውሃ ላይ እያማሰሉ ይጨምሩት። 3 ደቂቃ ሲንተከተክ እንደ ቀጭን አጥሚት ይሆናል። 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው አክለው በደንብ ያብርዱ፤ ትኩስ ሙጫ ፊኛ ያፈነዳል።

ጋዜጣውን 3 በ12 ሴንቲ ሜትር አድርገው በእጅ ይቅደዱ። የተቀደደ ጠርዝ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሃዳል፤ በመቀስ የተቆረጠው ግን ከቀለም በኋላም መስመሩ ይታያል። ፊኛውን ቫዝሊን ቀብተው ጎድጓዳ ሳህን ላይ ያስቀምጡና ቁራጭ ወረቀቶቹን ሙጫው ውስጥ ነክረው፣ በሁለት ጣት ጠርገው ፊኛው ላይ ይለጥፉ። አንዱን ንብርብር በጋዜጣ፣ ቀጣዩን በአሮጌ ደብተር ወረቀት ካደረጉት የተዘለለው ቦታ ይታይዎታል። 6 ንብርብር ይበቃል፤ በቀን ግን ከ2 አይለፉ።

ብዙ ቁር የሚበላሸው ሲደርቅ ነው። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ፊኛው ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ያብጥና እርጥቡን ወረቀት ይሰነጥቀዋል። ብርድ ላይ ካደረ ደግሞ ፊኛው ይኮሰምናል፣ ወረቀቱም ይጨማደዳል። ደብረ ብርሃን ላይ የሚያሰጋው ይኸኛው ስለሆነ ማታ ማታ ማዕድ ቤት ያሳድሩት፤ ከምድጃው ግን 1 ሜትር ይራቅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ንብርብሮች ከጠነከሩ በኋላ ፊኛው ቢፈነዳም ግድ የለም።

ከአናቱ 13 ሴንቲ ሜትር ወርደው ዙሪያውን ይከርክሙ። ፊኛ ክብ ነው፤ ጭንቅላት ግን ከግንባር እስከ ማጅራት ይረዝማል። ስለዚህ የጠርዙን ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገው፣ ጎንና ጎኑን ጫን ብለው በሰፊ ጨርቅ አስረው ያሳድሩት። ይህች እርምጃ ከተዘለለች ቁሩ መድረክ ላይ ይሽከረከራል።

ከዚያ ካርቶን ላይ ደፍተው ዙሪያውን ይሳሉ። ወደ ውጭ ከፊት 5፣ ከጎን 3፣ ከኋላ 7 ሴንቲ ሜትር ይስጡት፤ ወደ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ትተው መሃሉን ያውጡ። የተውትን በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ሰንጥቀው ወደ ላይ ያጥፉና ከቁሩ ውስጥ በኮላ ይለጥፉ። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ቦዮች ከግራ ወደ ቀኝ ይተኙ፤ ያኔ ክፈፉ ከፊትና ከኋላ ሳይሰበር ጎንበስ ይላል። መጋጠሚያውን በ2 ንብርብር ወረቀት ይሸፍኑ። ሲደርቅ አሮጌ ነጭ አንሶላ ወይም አቡጀዲ በ6 ሦስት ማዕዘን ቆርጠው፣ እኩል ውሃ በተጨመረበት ነጭ ኮላ ያልብሱት። አናቱ ላይ የውሃ ጠርሙስ ክዳን፣ ከውስጥ አራት ቦታ ስፖንጅ፣ ለአገጭ ላስቲክ።

ጥያቄ፦ የሠራነው ቁር ቀለም ከተቀባ በኋላ ሻገተ፣ ሸተተም። ለምን?

መልስ፦ ሳይደርቅ ስለተቀባ። ብዙ ንብርብር በአንድ ጊዜ ሲለጠፍ ላዩ ደርቆ እንደ ቆዳ ይሆናል፤ የሥሩ እርጥበት መውጫ ያጣል፣ የዘይት ቀለም ደግሞ ጨርሶ ያፍነዋል። ከመቀባትዎ በፊት ጉንጭዎን ያስነኩት፤ ከቀዘቀዘዎት ገና እርጥብ ነው። የሻገተውን ግን ቀለም ደርበው ለልጅ አያድርጉ፣ ይጣል። በዝናብ ወቅት በዱቄቱ ፈንታ 2 እጅ ነጭ ኮላ በ1 እጅ ውሃ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ለ20 ተማሪ ይህን ሁሉ ቁር መሥራት አንችልም። — መምህር

መልስ፦ አያስፈልግዎትም፣ መምህር። በጣሊያን በኩል የተሰለፉት አስካሪዎች (ጣሊያን ከቅኝ ግዛቷ የመለመለቻቸው ወታደሮች) ያደረጉት ቀይ ታርቡሽ፣ ማለትም ወደ ላይ የሚጠብ፣ አናቱ ላይ የክር ዘለላ ያለው ቆብ ነበር፤ እሱ በአንድ ከሰዓት ይሠራል። ካርቶኑ ወደ ላይ እንዲጠብ ቀጥ ያለ ሳይሆን ቀስት የመሰለ ቁራጭ ያስፈልጋል። ወለል ላይ ገመድ በሚስማር ይያዙና ጫፉ ላይ እርሳስ አስረው መጀመሪያ በ103፣ ቀጥሎ በ88 ሴንቲ ሜትር ቅስት ይሳሉ። በታችኛው (በ103ቱ) ቅስት ላይ 55 ሴንቲ ሜትር፣ ለመጋጠሚያ 2 ጨምረው ይቁረጡ። ሲጠቀለል ቁመቱ 15፣ የአናቱ ዙሪያ 47 ይሆናል። አናቱን በክብ ካርቶን ዘግተው ቀይ ጨርቅ ያልብሱ። የዘለላው ቀለም እንደየሻለቃው ይለያይ ስለነበር ያለዎትን የክር ቀለም ይጠቀሙ፤ የአንድ ቡድን ልጆች ግን አንድ ዓይነት ያድርጉ።