«ታማለች» ብላችሁ አትመዝግቡ

አንዲት አዲስ የአምቡላንስ ነርስ «ወረዳ ላይ አምቡላንስ በብዛት የሚጠራው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ምጥና ወሊድ ነው፤ ከተማ ስትገቡ የመኪና አደጋው ይበዛል። እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ጥሪ ነው፤ እንደሚመጣ እየታወቀ መኪናው መድኃኒት ሳይዝ ባዶውን ይሄዳልና።

ደዋዩ «ወልዳለች፣ ደሙ ግን እምቢ አለ» ይላል። ስትደርሱ የእንግዴ ልጁ ወጥቷል፣ አንሶላው ርሷል፣ ማህፀኗ ሲዳሰስ እንደ ሊጥ ላልቷል። ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ከፈሰሳት አደጋ ነው፤ ጨርቅ የመጠጠው ስለማይታይ ሁሌም አሳንሳችሁ ትገምታላችሁ። ማህፀኑ እስኪጠጥር እሹት፤ ሽንቷን ትሽና፣ የሞላ ፊኛ ማህፀን እንዳይኮማተር ያደርጋልና። ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ጡንቻዋ ላይ ውጉ፤ በወፍራም ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን የሚባለውን ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽ ክፈቱላት፤ ብርድ ልብስ አልብሷት። ሳትነሱ ለሆስፒታሉ ደውላችሁ ደም መኖሩን አረጋግጡ።

ብዙ ጊዜ የሚከዳው መድኃኒቱ ነው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የከረመ አምፑል (የመድኃኒቱ ብልቃጥ) መልኩ ሳይለወጥ ጉልበቱ ያልቃል። ከጤና ጣቢያው ፍሪጅ አውጥታችሁ በክትባት መያዣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ መልሱት። ማህፀን የሚያኮማትረው ሌላው መድኃኒት፣ የሚሶፕሮስቶል ክኒን፣ ቅዝቃዜ አይፈልግም፤ ከእሽጉ ሳይወጣ መጠባበቂያ ይሁናችሁ፣ 800 ማይክሮግራም ከምላስ ሥር።

ኦክስጅኑንም አስሉት። ባለ 10 ሊትሩ ሲሊንደር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 50 ባር ካሳየ፣ 10 በ50 ሲባዛ፣ 500 ሊትር ቀርቶታል፤ በደቂቃ 10 ሊትር ከሰጣችሁ ከ50 ደቂቃ አያልፍም።

የዛሬ ልጆች «ሎኬሽን ላክልኝ» ማለት ይቀናችኋል። የገጠሩ ደዋይ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው! ወፍጮ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ጠይቁት፤ መኪና እስከ የት እንደሚገባ፣ ከዚያ ወዲያ በቃሬዛ የሚያወርዳት ሰው መኖሩን። ቃሬዛውን አትናቁ፤ ከአምቡላንስ በፊት የነበረ ነው፣ ተሸካሚዎቹም መንገዱን ከእናንተ ይበልጥ ያውቁታል። ሎኬሽን ከተላከላችሁ ግን እሰየው፣ ተጠቀሙበት።

መዝገቡ ላይ «ታማለች» ብቻ ከተጻፈ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ለመኪናው ምን እንደሚገዛ በምን ያውቃል? «ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ» በሉ። ሰዓቱንም አራት ቦታ ጻፉ፦ ጥሪው ሲደርስ፣ መኪናው ሲነሳ፣ እናቲቱ ጋ ስትደርሱ፣ ስታስረክቡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ጊዜ ከባከነ ችግሩ ነዳጅ፣ ሹፌር ወይም ፊርማ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ከሆነ አድራሻው ወይም መንገዱ። ማስረከቡ ላይ ከሆነ ደግሞ አልጋ ጠፍቶ ስትሬቸራችሁ ከእናቲቱ ጋር ታግቷል ማለት ነው፤ ሆስፒታሉ በር ላይ የሚለወጥ ትርፍ ስትሬቸር እንዲቀመጥ መዝገቡን ይዛችሁ ጠይቁ።