«ድምሩ ለምን አይመጣም?» እና ሌሎች የፈንክሽን ጥያቄዎች

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የፓወር ቢአይ ናቸው፤ አንድ የታብሎም አለ (ሁለቱም ከዳታ ሪፖርት የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ናቸው)። ዞሮ ዞሮ ሁሉም «የትኛውን ፈንክሽን (ዝግጁ የስሌት ትእዛዝ) ልጠቀም?» ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው አለኝ፦ ታች ጠቅላላው ረድፍ ላይ ምን የሚል ቁጥር ነው የሚፈልጉት? በየረድፉ ልክ የሚመስል ፎርሙላ ጉዱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የየወሩን ደንበኞች በዲስቲንክትካውንት ቆጠርኩ። 400፣ 420 እና 450 መጣ። ጠቅላላው ግን 610 ይላል። አለቃዬ ደምረው «ሪፖርትህ ተበላሽቷል» አሉኝ።

መልስ፦ ሪፖርትዎ ደህና ነው። ዲስቲንክትካውንት አንድ ደንበኛ አሥር ጊዜ ቢገዛም አንዴ ነው የሚቆጥረው። በሦስቱም ወር የመጣ ሰው በየወሩ አንድ አንድ ጊዜ ይታያል፤ በሩብ ዓመቱ ላይ ግን ያው አንድ ሰው ነው። ጠቅላላው ረድፍ ከላይ ያሉትን አይደምርም፤ ፎርሙላውን ለሦስቱ ወራት አንድ ላይ እንደ አዲስ ያሰላዋል። ስለዚህ 1,270 የሚለው የአለቃዎ ድምር ተመላላሹን ሰው ደጋግሞ የቆጠረ ነው። የአምዱን ስም «የተለያዩ ደንበኞች» ብለው ይቀይሩት፤ ግማሹ ጭቅጭቅ ያኔ ይበርዳል። አንድ ነገር ግን ይፈትሹ፦ የደንበኛ መለያው ባዶ የሆነ ረድፍ ካለ፣ ዲስቲንክትካውንት ባዶውንም እንደ አንድ ደንበኛ ይቆጥረዋል። ያንን የሚዘለው ዲስቲንክትካውንትኖብላንክ ነው።

ጥያቄ፦ ከጎብኚዎች ስንት በመቶው እንደሚገዙ ለየቅርንጫፉ አስልቼ በአቬሬጅ አማካዩን አወጣሁ። ቁጥሩ በጣም አማረብኝ። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት። አንድ ቅርንጫፍ 1,000 ጎብኚ መጥቶለት 50 ገዙ እንበል፤ 5 በመቶ ነው። ሌላው 20 መጥተው 10 ገዙ፤ 50 በመቶ። የሁለቱ አማካይ 27.5 በመቶ ይሆናል። በእርግጥ የሆነው ግን ከ1,020 ሰው 60 መግዛቱ ነው፤ 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ትንሿ ቅርንጫፍ ከትልቁ እኩል ድምፅ ስላገኘች ነው ቁጥሩ ያማረው።

መፍትሔው መቶኛን በረድፍ ደረጃ አስልቶ አለማስቀመጥ ነው። የገዢዎችን ድምር በጎብኚዎች ድምር ያካፍሉ፤ ለማካፈልም ዲቫይድን ይጠቀሙ። ጎብኚ ዜሮ በሆነበት ቀን በተራ የማካፈል ምልክት ቢሠሩ «ናን» (NaN፣ «ቁጥር አይደለም») ወይም «ኢንፊኒቲ» የሚል ነገር ብቅ ይላል። ዲቫይድ ግን ዝም ብሎ ባዶ ይመልሳል። ብዙ ሰው በዲቫይድ ቅንፍ ውስጥ ሦስተኛው ቦታ ላይ፣ በባዶው ፈንታ እንዲመለስ፣ ዜሮ ይጨምርበታል፤ እኔ አልወደውም። ምንም ያልተሠራበት ቀን «0 በመቶ» ተብሎ ሲወጣ ሥራው የከሸፈ ያስመስላል።

የአማካዮች አማካይ ሁልጊዜ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ጥያቄው «አንድ ቅርንጫፍ በአማካይ እንዴት ነው?» ከሆነ፣ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እያዞረ የሚያሰላው አቬሬጅኤክስ ትክክለኛው መሣሪያ ነው። ብቻ ርዕሱ ላይ ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ሰም (SUM) ወይስ ሰምኤክስ (SUMX)?

መልስ፦ የሚደመረው አምድ አስቀድሞ ካለ ሰም ይበቃል። መጀመሪያ በየረድፉ ማባዛት ካለብዎት ሰምኤክስ ነው። 2 ዕቃ በ10፣ 3 ዕቃ በ20 ቢሸጥ ገቢው 80 ነው። ብዛቱን ለብቻ፣ ዋጋውን ለብቻ ደምረው ቢያባዙ 150 ይመጣል።

ጥያቄ፦ የመጋዘን ቀሪ በየቀኑ ይመዘገባል። በወር ሳየው ቁጥሩ ሰማይ ይነካል።

መልስ፦ ቀሪ በቀን አይደመርም። ሳይነካ የተቀመጠ 100 ዕቃ በ30 ቀን 3,000 አይሆንም። በዕቃና በመጋዘን ይደምሩት፤ በጊዜ ሲሆን ግን የመጨረሻውን ቀን ብቻ ይውሰዱ። ስሌቱ በየትኛው ዳታ ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ካልኩሌት ውስጥ፣ የመጨረሻውን ቀን የሚመርጠውን ላስትዴት ያስገቡ። ወሩ ገና ካላለቀና የቀን ቴብሉ (ቀናቱ የተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ) እስከ ወሩ መጨረሻ የሚሄድ ከሆነ ግን ላስትዴት ባዶ ሊያሳይዎት ይችላል፤ ያኔ ዳታ ያለበትን የመጨረሻ ቀን የሚፈልገው ላስትኖንብላንክ ያዋጣል።

ጥያቄ፦ የማድረሻ ጊዜን በአማካይ ላሳይ ወይስ በሜዲያን?

መልስ፦ አምስት ዕቃዎች በ2፣ 2፣ 3፣ 3 እና 40 ቀን ደረሱ እንበል። አማካዩ 10 ነው፤ በ10 ቀን የደረሰለት ሰው ግን የለም። ሜዲያኑ፣ ማለትም በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው፣ 3 ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳዩ፤ ልዩነቱ ራሱ ወሬ አለው። ያልደረሰ ዕቃ በዜሮ ተመዝግቦ እንደሆነም ይዩ። አቬሬጅ ባዶን ይዘላል፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል።

ጥያቄ፦ ታብሎ ላይ በፊክስድ (ስሌቱን በመረጡት ምድብ ላይ የሚያስር ትእዛዝ) የሠራሁት ቁጥር ፊልተር ብነካም ንቅንቅ አይልም።

መልስ፦ ፊክስድ የሚሰላው ከተራ የዳይሜንሽን (እንደ ክልል ወይም ምርት ያለ ምድብ) ፊልተሮች በፊት ስለሆነ ነው። ፊልተሩን በቀኝ ክሊክ «አድ ቱ ኮንቴክስት» ያድርጉት፤ ይታዘዛል። ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ማሳየት ሲፈልጉ ግን ይህ አለመነቃነቁ ሲሳይ ነው፤ እንዳለ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ካልኩሌትድ ኮለም (በየረድፉ ተሰልቶ የሚቀመጥ አምድ) ወይስ ሜዠር (ሪፖርቱ ሲታይ የሚሰላ ፎርሙላ)?

መልስ፦ ስላይሰር (ሪፖርቱ ላይ ተመልካቹ የሚመርጥበት ማጣሪያ) ሲነካ መቀየር ያለበት ቁጥር ሁሉ ሜዠር ነው። ኮለም ዳታው ሪፍሬሽ ሲደረግ ተሰልቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደመረጠ አያውቅም። «ከ18 እስከ 30» የሚል የዕድሜ ምድብ ሠርተው ስላይሰር ላይ ማስቀመጥ ከፈለጉ ግን ኮለም ያስፈልግዎታል፤ ሜዠር እዚያ አይገባም።