የማይናገር ልጄ መቁረብ ይችላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ አይናገርም። በ40 ቀኑ ተጠምቆ ሲቆርብ ቆይቷል። አሁን ግን «ከሰባት ዓመት በኋላ ሳይናዘዝ አይቆርብም» ሲሉኝ አስቀረሁት። ከፓስታና ከወተት ሌላ ስለማይበላ ማስጾምም አልቻልኩም። ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ቡዳ ነው፣ የኦቲዝም ማዕከሉን ትተሽ ጠበል ብቻ አስጠምቂው» ይላሉ። የእኔ ኃጢአት ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «እርሱ ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት ሠሩ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መልሷል (ዮሐ. 9፥3)። ኦቲዝም ከአንጎል አፈጣጠርና እድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ የአስተዳደግ ጉድለትም ቡዳም አያመጣውም።

ወደ ቁርባኑ እንምጣ። ልጅዎ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ምን ተናገረ? ሰይጣንን የካደለት፣ ሃይማኖቱን የመሰከረለት ሌላ ሰው ነው፤ እኛም በዚያው ዕለት ሜሮን ቀብተን ሥጋውንና ደሙን ሰጠነው። ያን ጊዜ ያልጠየቅነውን ንግግር ዛሬ በምን ሕግ እንጠይቀዋለን? ንስሐ የሚፈለገው በደሉን ለይቶ ከሚያውቅ ሰው ነው። ልጁ ይህን እስኪለይ ድረስ እንደ ሕፃን ይቆርባል። መለየት ሲጀምር ደግሞ በሥዕል ካርድ ወይም በምልክት ለንስሐ አባቱ ማሳየት ይችላል። የሐናን ጸሎት ያስታውሱ፦ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ባይሰማ ካህኑ ዔሊ ሰካራም መስላው ገሠጻት (1ሳሙ. 1፥13)። ካህን ስለሆንን ብቻ የልብን አናውቅም፤ ይህን ለራሳችን ለአገልጋዮቹም እላለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ አዲስ ነገር አፉ ሲገባ ቢተፋውስ? ስለዚህ ቤት ውስጥ ትንሽ ተራ ዳቦ በእጅዎ እያጎረሱት፣ ውኃም በማንኪያ እያስቀመሱት፣ ከዚያ አፉን በነጠላ ሸፍኖ መዋጥን ይለማመድ። እስኪለምድ ሳምንታት ቢወስድም አይቸኩሉ። ቅዳሴውን ከከበሮውና ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብለው በቅጽሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ይከታተሉ፤ የሚቆርቡት ሲጠሩ ይግቡ። የጆሮ መከላከያ ቢያደርግም ነውር የለበትም።

አዋቂ ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ይጾማል፤ ለልጅዎ ግን ንስሐ አባትዎ በአቅሙ ይወስኑለታል። የአጽዋማቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከሁለት ምግብ ሌላ የማይበላ ልጅ ላይ ወተቱን መከልከል ጾም አይባልም፣ መራብ ነው።

ጠበሉን አይተዉ፤ ነገር ግን «ማዕከሉን ተዪ» የሚል ሰው ቤተ ክርስቲያንን ወክሎ የሚናገር እንዳይመስልዎ። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። ልጁን አስሮ ወይም አስጨንቆ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ እየጠጣ፣ እየተረጨ ይባረክ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ሆነው በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከሰው ዓይን ይደብቁ ነበር። እርስዎ አደባባይ ይዘውት ወጥተዋል፤ ዞሮ የሚያየው ሰው ይልመድ እንጂ እርስዎ አይቅሩ።

አሁን ንስሐ አባትዎን በሥራ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ ሲል፣ ከልጁ ጋር ሆነው ያነጋግሩ። ልጁ ፊታቸውንና መስቀላቸውን ይልመድ፣ እርሳቸውም እርሱን ይልመዱ፤ እንዴት እንደሚያቆርቡትም አብረው ይነጋገሩ። ካመነቱ ይህን መልስ ያሳዩዋቸውና የደብሩን አስተዳዳሪ አብራችሁ ጠይቁ።